የጨው ግብር የቆፈረው ቦይ

ባለፈው ሐምሌ ለአንድ ጉባኤ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተጉዤ ነበር። ጉባኤው ሲያበቃ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ትንሽ ጀልባ ተከራይተን ከካርካሶን እስከ ቤዚዬ በካናል ዱ ሚዲ ተጓዝን። ቦዩ ከቱሉዝ ተነሥቶ በሜዲትራንያን ጠረፍ እስከሚገኘው የቶ ሐይቅ ድረስ 240 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጀልባው ከእግረኛ ብዙም አይፈጥንም፤ ለታሪክ መምህር ግን ይህ ይበቃዋል።

ቁልቁለቱ የሚወረደው «ኤክሉዝ» በሚባሉት የውኃ በሮች ነው። ኤክሉዝ ከፊትና ከኋላ በር ያለው የድንጋይ ክፍል ነው። ጀልባው ሲገባ የኋላው በር ይዘጋል፤ ውኃው ቀስ በቀስ ሲለቀቅ ጀልባውም አብሮት ይወርዳል፤ ከታችኛው ውኃ ጋር እኩል ሲሆን የፊቱ በር ይከፈታል። ግድግዳዎቹ እንደ እንቁላል ወደ ውጭ የጎበጡ ናቸው፤ ቀጥ ብሎ የተሠራ አንድ ግድግዳ በመጀመሪያው ዘመን ተደርምሶ ስለነበር የአፈሩን ግፊት እንዲችሉ ታስበው የተሠሩ ናቸው። (ገመድ ያዥ ተደርጌ ተመድቤ ነበር፤ ባልደረቦቼ ስለ ችሎታዬ የሚናገሩትን አትስሟቸው።)

ሥራው በሉዊ ዐሥራ አራተኛ ትእዛዝ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1666 ነው፤ በእኛ አገር ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በጎንደር ሊነግሡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው መሆኑ ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ፒየር ፖል ሪኬ መሐንዲስ አልነበረም፤ በላንግዶክ የጨው ግብር ሰብሳቢ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚተረከው «የአንድ ሰው ራእይ» ተብሎ ነው። እኔ ይህን አባባል አልቀበለውም። ሪኬ በቦዩ ላይ ያፈሰሰው ሀብት የተከማቸው ድሃው ገበሬ ለወጡ ከሚገዛው ጨው ላይ ነው፤ በዚያው ዘመን በጎረቤት ጋስኮኝ ሕዝቡ ይህንኑ ግብር በመቃወም አምፆ ነበር።

ለሪኬም ፍትሕ እናድርግ። ሠራተኞቹ ዝናብ ሥራ ባስቆመበት ቀንና በበዓላት ጭምር ደመወዛቸውን ያገኙ ነበር፤ በዚያ ዘመን ይህ እንግዳ ነገር ነው። እሱ ራሱ ቦዩ በግንቦት 1681 ከመከፈቱ ሰባት ወር አስቀድሞ ባለ ዕዳ ሆኖ ሞተ። ወራሾቹም ከትርፉ መቅመስ የጀመሩት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው።

የተነሣንባት ካርካሶን የራሷ ታሪክ አላት። የከተማዋ ሹማምንት በዘመኑ ገንዘብ አናዋጣም በማለታቸው ቦዩ በሩቅ አልፏት ሄደ። ወደ ከተማዋ እንዲቀርብ የተደረገው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1810 ነው።

በሦስተኛው ቀን ለ ሶማይ ከምትባል መንደር አደርን። ድልድይዋ፣ ጸሎት ቤቷና የእንግዳ ማረፊያዋ በፈረስ በሚጎተት የፖስታ ጀልባ ይጓዙ የነበሩት መንገደኞች የሚያድሩባቸው ነበሩ። በ1850ዎቹ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ግን ያ ትራፊክ እየከሰመ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ቦታ ጥላ የሚሰጡት ዛፎች ተቆርጠው አየን፤ ከ2006 ወዲህ የታየው የፈንገስ በሽታ ነው ያጠቃቸው።

መጨረሻችን ፎንሰራን ነበር። በተከታታይ የተገጠሙ ስምንት ክፍሎች እንደ ደረጃ 21 ሜትር ከግማሽ ይወርዳሉ። ይህን የገነቡት ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሁለት ወንድማማቾች፣ የሜዳይ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ አብዛኛውም ሠራተኛ ሴት ነበር። አሜሪካዊቷ ምሁር ቻንድራ ሙከርጂ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ ከፒሬኔ ተራሮች የመጡት ሴቶች በትውልድ የወረሱት የውኃ አመራር ጥበብ ለቦዩ ምን ያህል እንደ ጠቀመ ያስረዳሉ። በንጉሡ መሐንዲሶች ካርታ ላይ ያልተገኘው እውቀት ከሴቶቹ እጅ ነበር ማለት ነው።

ጀልባዋን መልሰን ወደ ቤዚዬ መሐል ገባን። ከ1838 ጀምሮ የሪኬ ሐውልት በሰፊው አደባባይ ቆሟል። ከሥሩ ተቀምጠን ቡና ጠጣን። የሴቶቹን መታሰቢያ ግን በዚያ ቀን የትም አላየሁም፤ አስተናጋጁን ብጠይቀው «የትኞቹ ሴቶች?» አለኝ።