መጽሐፍ ከመደርደሪያ ሲወርድ



ለመሆኑ ልጃችሁ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተውሶ ባመጣው መጽሐፍ ውስጥ ከእምነታችሁ ጋር የሚጋጭ ነገር ብታገኙ ምን ታደርጋላችሁ? አንዱ ወላጅ «ይህን መጽሐፍ የእኔ ልጅ አያነበውም» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይህን መጽሐፍ የማንም ልጅ አያነበውም፤ ከመደርደሪያው ይውረድ» ይላል። ሁለቱ ንግግሮች የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ሰፊ ነው። ይህ ጽሑፍ ርቀቱን ከታሪክ ለማሳየት የሚሞክር ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ በሎንግ አይላንድ ላይ አይላንድ ትሪስ የሚባል የትምህርት ወረዳ አለ። በመስከረም 1975 ከወረዳው የትምህርት ቦርድ አባላት ሦስቱ አንድ የወግ አጥባቂ ወላጆች ማኅበር ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ ተገኙ። ከዚያም «ለልጆች አይበጁም» የተባሉ መጻሕፍት ዝርዝር ይዘው ተመለሱ። በኅዳር ወር አንድ ምሽት ከእነርሱ ሁለቱ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ገቡና የመጻሕፍቱን ካርድ ከዝርዝሩ ጋር ማመሳከር ጀመሩ። ዘጠኝ መጻሕፍት ተገኙ። በሌላ ቦታ የተገኙ ሁለት ሲጨመሩ 11 ሆኑ። ከእነዚህ መካከል ጥቁሩ ደራሲ ሪቻርድ ራይት በዘረኝነት ሥር ስላሳለፈው ልጅነቱ የጻፈው የሕይወት ታሪክና ላንግስተን ሂዩዝ የሰበሰበው የጥቁር ደራስያን አጫጭር ልቦለዶች መድበል ይገኙባቸዋል።

ቦርዱ መጻሕፍቱን የሚመረምር ኮሚቴ ከአራት ወላጆችና ከአራት የትምህርት ቤት ሠራተኞች አቋቋመ። ኮሚቴው አንብቦ ከመጻሕፍቱ አምስቱ እንዲቆዩ መከረ። ቦርዱ ግን ምክሩን ወደ ጎን ትቶ አንዱን ብቻ ያለ ገደብ መለሰ፤ ሌላውን በወላጅ ፈቃድ እንዲነበብ አደረገ፤ ዘጠኙን አወረደ። በ1977 ስቲቨን ፒኮ የተባለ ተማሪ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ቦርዱን ከሰሰ። ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰኔ 25 ቀን 1982 ተማሪዎቹ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ረቱ። ዳኛ ብሬናን በጻፉት ሐተታ የትምህርት ቦርድ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ሐሳብ ስለጠላ ብቻ መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ማውረድ እንደማይችል ገለጹ። ይሁን እንጂ ከአምስቱ ዳኞች በሐተታው ሁሉም አልተስማሙበትምና ጉዳዩ ተዘግቶ አልቀረም።

እንደገና የተቀጣጠለው ከ2021 ወዲህ ነው። ዝርዝር የያዙ ቡድኖች፣ ምርጫ የሚጠብቁ ፖለቲከኞች፣ ሕግ አውጪዎች ሁሉ ገቡበት። ፔን አሜሪካ የተባለው የደራስያን ማኅበር በ2023–24 የትምህርት ዘመን ብቻ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ10,000 በላይ እገዳዎችን መዝግቧል። አንድ መጽሐፍ በአንድ ወረዳ ሲታገድ እንደ አንድ ይቆጠራል። በቴክሳስ፣ በላኖ ወረዳ፣ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት 17 መጻሕፍት ወርደው ነዋሪዎች ከስሰው ነበር። በግንቦት 2025 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፈረደባቸው።

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ «ታዲያ ምን አለበት? ብልግና ከሆነ ይውረድ» የሚል አይጠፋም። እኔም አንድ ሰሞን እንዲሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ይህን ልብ በሉ። በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ በሴንትራል ዮርክ የትምህርት ወረዳ፣ ከታገዱት መጻሕፍት መካከል ኢብቲሃጅ ሙሐመድ ከሌላ ደራሲ ጋር በ2019 ያሳተመችው የልጆች መጽሐፍ ይገኝበታል። ኢብቲሃጅ በ2016ቱ የሪዮ ኦሎምፒክ ሒጃቧን ለብሳ ለአሜሪካ በሻምላ የተወዳደረች ሙስሊም ናት። መጽሐፉ የሚናገረው ለመጀመሪያ ጊዜ ሒጃብ ለብሳ ትምህርት ቤት ስለምትሄድ ልጅና ስለምትኮራባት ታናሽ እህቷ ነው። ብልግናው የቱ ላይ ነው? ተማሪዎቹ ራሳቸው ተቃውሞ አሰምተው በመስከረም 2021 እገዳው ተነሣ። እጅ ማውረድ ከለመደ የሚያወርደውን አይመርጥም።

አሁን ደግሞ ሌላኛውን መንገድ ተመልከቱ። በሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ወረዳ፣ በ2022 ለታዳጊ ሕፃናት ክፍሎች ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትና ስለ ፆታ ማንነት የሚያወሱ የተረት መጻሕፍት ገቡ። በመጀመሪያ ወላጅ ልጁን ከዚያ ክፍለ ጊዜ ማስወጣት ይፈቀድለት ነበር። በመጋቢት 2023 ይህ ፈቃድ ተሠረዘ። በዚህ ጊዜ አደባባይ ከወጡት መካከል ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ይገኙበታል። የሁለት እምነት ወላጆች ጎን ለጎን ቆሙ። ፍርድ ቤት የሄዱት ወላጆች የጠየቁት ምን ነበር? መጻሕፍቱ ከትምህርት ቤቱ ይጥፉ አላሉም። «የራሳችንን ልጅ ለማስወጣት አስቀድሞ ይነገረን» ነው ያሉት። ሰኔ 27 ቀን 2025 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ጥያቄያቸውን ተቀበለ። የጎረቤትን ልጅ ሳይነኩ የራስን ልጅ መጠበቅ ይቻላል ማለት ነው።

ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። የሌላውን ጉድ አውርቶ የራስን መሸፈን የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለምና።

በአንደሉስ፣ በቁርጡባ ከተማ፣ ከ961 እስከ 976 የነገሠው ኸሊፋ አልሐከም ዳግማዊ መጽሐፍ ወዳድ ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ስብስብ 400,000 ጥራዝ ይደርስ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ሲሞት ሥልጣኑ በልጁ ስም በኢብኑ አቢ ዐሚር እጅ ገባ። ይህ ሰው በኋላ አልመንሱር የተባለው ነው። ሥልጣኑን የወሰደው በብልጠት እንጂ በውርስ አልነበረምና የዑለሞችና የሕዝብ ድጋፍ አስፈለገው። ስለዚህ ዑለሞች ባሉበት መጻሕፍቱን አስለየ። የሕክምና፣ የሒሳብ፣ የቋንቋና የሐዲስ ኪታቦች ተረፉ። የሎጂክና የከዋክብት ዕውቀት መጻሕፍት ግን ከፊሉ ተቃጠሉ፤ ከፊሉ በቤተ መንግሥቱ ጉድጓዶች ተጥለው ድንጋይና አፈር ተጫነባቸው። የቶሌዶው ቃዲ ሷዒድ ይህን ሲተርክ ምክንያቱን አልሸሸገም። አልመንሱር ያደረገው በሕዝቡ ዘንድ ለመወደድና የአልሐከምን ስም ለማጉደፍ ነው ይላል።

በ1109 ደግሞ በዚያው በቁርጡባ፣ በሙራቢጦቹ ገዥ በዐሊ ኢብኑ ዩሱፍ ትእዛዝና በቃዲ ኢብኑ ሐምዲን ግፊት የኢማም አልገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» በእሳት ተቃጠለ። ኢማሙ በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። በዚህ ኪታባቸው ዕውቀትን ለሹመትና ለገንዘብ የሚሹ፣ የገዥዎችን ደጅ የሚጠኑ ዑለሞችን ወቅሰዋል። ያቃጠሉትም ፉቀሃዎች በዚያ ዘመን የገዥው የቅርብ አማካሪዎች ነበሩ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አንድ ስሕተት ነው ብለን ባለፍን ነበር። ነገር ግን በ1147 ሙወሒዶች ማራከሽን ይዘው ሙራቢጦቹን ጣሉ። ከእነርሱ ሦስተኛው ኸሊፋ ያዕቁብ አልመንሱር (1184–1199) የማሊኪ መዝሀብ የፊቅህ ኪታቦች እንዲቃጠሉ አዘዘ። ታሪክ ጸሐፊው አልመራኩሺ በፋስ ከተማ ኪታቦቹ በሸክም እየመጡ እሳት ሲለቀቅባቸው በዓይኑ አይቷል። የሱሕኑን «ሙደወና» ሳይቀር ተቃጠለ። አስተውሉ! «ኢሕያእ»ን ያቃጠሉት የማሊኪ ፉቀሃዎች ነበሩ። አንድ መቶ ዓመት ሳይሞላ እሳቱ ወደ ራሳቸው ኪታብ መጣ። በ1195ም ይኸው ኸሊፋ ከካስቲል ንጉሥ ጋር ጦርነት ላይ ሳለ የሕዝቡን ልብ ለመያዝ ኢብኑ ሩሽድን ወደ ሉሴና አጋዘው፤ የፍልስፍና ድርሳናቱም ተቃጠሉ።

መጨረሻው ይበልጥ መራራ ነው። ገርናጣ በ1492 እጇን ስትሰጥ የሙስሊሞች እምነት እንደሚጠበቅ በውል ተጽፎ ነበር። በ1499 ካርዲናል ሲስኔሮስ ወደ ከተማይቱ ከመጣ በኋላ የዐረብኛ መጻሕፍት ተሰብስበው በባብ አርረምላ አደባባይ ተቃጠሉ። የተረፉት የሕክምና መጻሕፍት ነበሩ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የእኛው አልመንሱርም ሕክምናውን አትርፎ ሌላውን አቃጥሎ ነበር። ጠላት አዲስ ዘዴ መፍጠር አላስፈለገውም።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ስጽፍ ራሴን ነጻ አድርጌ አይደለም። ከዓመታት በፊት በማስተምርበት መድረሳ መደርደሪያ ላይ ስለ መውሊድ የተጻፈ አንድ ኪታብ ነበር። አንድ አባት መጥተው «ኡስታዝ፣ ይህ ለልጆቻችን አይሆንም፤ ያንሡት» አሉኝ። ጭቅጭቅ ፈርቼ አነሣሁት። እርሳቸውም እኔም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አላነበብነውም ነበር። ከወራት በኋላ ሌላ አባት መጥተው በተራቸው የሌላውን ወገን ኪታብ አስነሡኝ። «የእነርሱን አላነሣም» ለማለት አፍ አልነበረኝም። ለመጀመሪያው እሺ ብያለሁና። መደርደሪያው እየሳሳ፣ ልጆቹም ከኪታብ ይልቅ ከመንገድ ወሬ እየተማሩ መጡ። በመጨረሻ ሁለቱንም መለስኳቸውና ከልጆቹ ጋር አብሬ አነበብኳቸው። በጥያቄያቸው ብዙ ተቸገርኩ፤ ግን ከዚያ በፊት እንደዚያ አስተምሬ አላውቅም።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ልጃችሁ የሚያነበውን እወቁ። መጽሐፉን ሌላ ሰው በጻፈው ዝርዝር ሳይሆን በራሳችሁ ዓይን አንብቡ። ለልጃችሁ ዕድሜ የማይመጥን ከሆነ «አይሆንም» ማለት መብታችሁም ግዴታችሁም ነው፤ ምክንያቱን ግን ንገሩት። የጎረቤታችሁን ልጅ መጽሐፍ ለጎረቤታችሁ ተዉለት፤ ነገ የእናንተ መጽሐፍ በእርሱ ፊት ሲቀርብ እርሱም እንዲተውላችሁ።

በመጀመሪያው ወህይ እንድናነብ የታዘዝን ሕዝቦች ነን። በቁርጡባ የተቃጠለው «ኢሕያእ» ዛሬም በመደርደሪያ ላይ አለ። ያቃጠሉት ግን ከታሪክ ተማሪ በቀር ስማቸውን የሚያነሣ የለም።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን፣ አስተዋይ ልቦናንም ይስጠን። ወቢላሂ ተውፊቅ።