ቁም

ነገሩ የሆነው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። የቴአትር ተማሪዎች አንዳንድ ኮርስ ለመውሰድ ወደ እኛ ይላኩ ስለነበር፣ ከእነሱ መካከል ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ቢሮዬ መጣችና «መምህር፣ ትምህርት ክፍል ልቀይር ነው» አለችኝ። ለምን ብላት ሁለት ምክንያት ነገረችኝ። አንደኛው፣ መድረክ ላይ መቆም አቅቷታል። የትወና መምህሯ ምንም ሳትናገሪ ዝም ብለሽ ቁሚ ሲላት እጇን የምታደርግበት ይጠፋታል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ትቁነጠነጣለች። ሁለተኛው ምክንያት አባቷ ናቸው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገባች ሲባል ጎረቤት ጠርተው ጠላ ያጠጡ ሰው፣ የምትማረውን ሲሰሙ «አዝማሪ ለመሆን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?» አሉና ደብዳቤ መላክ ተዉ።

«አባትሽ ሥራቸው ምንድን ነው?» አልኳት።

«መሪጌታ ናቸው። ጎንደር፣ አቋቋም ያስተምራሉ።»

ሳቅ አመለጠኝ። ልጅቱ ተቀየመችኝ፤ ብትቀየም አይፈረድባትም።

ያሳቀኝን ነገር ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ መሄድ ግድ ነው። በዚህ አገር የሰው አካል ከዜማ ጋር እንዴት መንቀሳቀስ እንዳለበት በመምህር፣ በደረጃና በፈተና ለዘመናት ሲያስተምር የኖረ አንድ ቤት አለ፤ እሱም የአቋቋም ቤት ነው። ሊቃውንቱ ሽብሸባውን «ጭፈራ» ብትሉባቸው ይቆጣሉ፤ የሚቀርበው ለሰው ዓይን አይደለምና ቁጣቸው ይገባኛል። እኔ የማወራው ስለ ትምህርቱ ነው። ስሙ ራሱ ከመቆም የመጣ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ቁም ዜማውን ይይዛል፤ መቋሚያ ሳይወዛወዝ፣ ከበሮ ሳይመታ። ዝማሜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ መቋሚያው ከዜማው ጋር ወዲህና ወዲያ ይላል። መረግድ ላይ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ ጽፋት ላይ ምቱ ይፈጥናል፣ እጅ ይጨበጨባል። አንዱ ሳይበስል ወደ ሌላው መዝለል የለም። የላይ ቤት፣ የታች ቤት፣ የተክሌ እየተባለ አካሄዱ በየቤቱ ይለያያል፤ የሚያውቅ ሰው ደብተራውን ከሩቅ አይቶ የማን ተማሪ እንደሆነ ይነግራችኋል። ተማሪው ደግሞ ይህን ሁሉ የሚማረው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ እየለመነ፣ ጎጆ ውስጥ እያደረ፣ ዓመታት ቆጥሮ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ቤት የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው ልጃቸው መቆም ብትማር ያፈሩት።

ደግሞ እሳቸውን ብቻ አልፈርድባቸውም። ቋንቋችንም ከእሳቸው ጋር ነው። «ተዋናይ» የሚለውን ቃል ከግዕዙ «ተዋነየ» አመጣነው፤ ትርጉሙ «ተጫወተ» ነው፤ ግዕዝ ስለሆነ ብቻ ጨዋታው ተከበረ። ለሚጨፍር ሰው ግን እንዲህ ያለ ካባ አልተገኘለትም። «ጨፋሪ» ስትሉ መሸታ ቤት ይሸታል፤ «ዳንሰኛ» ስትሉ የባሰ ነው። «ተወዛዋዥ» የሚለው ትንሽ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ልጁን ለሚድር አባት ደስ የሚል መልስ አይደለም።

ዘመናዊው ቴአትር የመጣልን ከውጭ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሩሲያ ተምረው ሲመለሱ ያዩት ጨዋታ ከቴአትር ይልቅ ዘፈንና ጭፈራ ስለመሰላቸው፣ በ1910ዎቹ መጀመሪያ የአውሬዎችን ተረት በተውኔት ጻፉ። የተረቱ አውሬዎች ሹማምንቱን ስለሚመስሉ ሥራው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከዚያ የመጣው ትውልድ የትምህርት ቤት ቴአትር ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት፣ መላኩ በጎሰው በዳግማዊ ምኒልክ፣ ተማሪዎቻቸውን ተዋናይ እያደረጉ ያሳዩ ነበር። የሴቱንም ገጸ ባሕርይ ወንዱ ልጅ ነው የሚጫወተው። ግጥሙ ረጅም ነው፤ ተዋናዩ ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ ያነበንባል።

ዮፍታሔን ባሰብኩ ቁጥር የሚቆጨኝ ነገር አለ። የደብረ ኤልያስ ልጅ ነው፤ የጎጃም የቅኔ ሰው። ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥቶ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ስለነበር፣ ሁለቱን ቤቶች ማገናኘት የሚችል ቢኖር እሱ ነበር። ቅኔውን ይዞልን መጣ፤ የአማርኛ ተውኔት እስከ ዛሬ ከዚያ ቅኔ ይበላል። አካሉን የሚያሠለጥነው ትምህርት ግን ቅጽረ ግቢው ውስጥ ቀረ። በዚህም ምክንያት ይመስለኛል መድረካችን ለረጅም ጊዜ አፍ እንጂ ጉልበት ያልነበረው።

ከዚያ በኋላ አዳራሽ ተሠራ። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ከነጻነት በኋላ የዘፈንና የቴአትር ቤት ሆነ። የየአገሩ ባህላዊ ጭፈራ ከሠርግና ከጥምቀት ሜዳ ወጥቶ መድረክ ላይ የተደረደረው በእንዲህ ዓይነቶቹ ቤቶች ነው። በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ፣ ተከፈተ። ዩኒቨርሲቲው የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ያቋቋመው ግን በ1971 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱን አስሉት፤ 23 ዓመት ነው። ቤቱ ተሠርቶ አለቀና የሚኖርበትን ሰው ማስተማር ጀመርን።

በመካከሉ የኪነ ጥበባት ማዕከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተቋቁሞ፣ ግብፃዊው ሐሊም ኤልዳብ ከዚያው ሆኖ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን በአንድ ላይ አስቀምጦ «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን መሠረተ። ተስፋዬ ገሠሠም አሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምሮ መጥቶ በማዕከሉ ሠርቷል፤ መርቶታልም። ያ ቤት ለሙዚቃና ለቴአትር ጥሩ ነበር። ለውዝዋዜ ግን ተማሪ መዝግቦ፣ ከአንደኛ ዓመት ሁለተኛ ዓመት እያሸጋገረ የሚያስተምር አልነበረም። ተወዛዋዡ ቴአትር ቤት ይቀጠራል፤ ከጎኑ የቆመውን እያየ ይለምዳል። ጉልበቱ ሲደክም ይወጣል።

የልጅቱን ነገር ጀምሬ ተውኩት መሰለኝ። ትምህርት ክፍል አልቀየረችም። ስለ ሳቄ ይቅርታ ጠይቄ ከላይ የነገርኳችሁን ለእሷም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ የአባቷን ተማሪዎች በልጅነቷ በአጥር ቀዳዳ ታይ እንደነበር አጫወተችኝ። «መቋሚያ ከመያዛቸው በፊት ለረጅም ጊዜ ይቆሙ ነበር» አለች፤ ይህን ስትል ራሷም ያኔ ገና ያስተዋለችው ይመስል ነበር።

ስለ ጎዳና ልጆቹ መጀመሪያ የሰማሁትም ከእሷ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የሚባል እንግሊዛዊ የዳንስ ባለሙያ አዲስ አበባ መጥቶ፣ መቶ ያህል የጎዳናና የችግረኛ ቤተሰብ ልጆች ሰብስቦ የካርል ኦርፍን «ካርሚና ቡራና» በማዘጋጃ ቤት አዳራሽ አሳየ። ሰው አጨበጨበ። ብዙ ጊዜ በአገራችን ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ ፈረንጅ መጣ፣ አስጨበጨበ፣ ሄደ። ይሄኛው አላለቀም። ከልጆቹ መካከል 18 ያህሉ ተመርጠው የአምስት ዓመት ሥልጠና ጀመሩ፤ ቡድናቸውም «አዱኛ» ተባለ። ዘመናዊውን ዳንስ ከባህላዊው ጋር ተማሩ። ማልዱም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው እግር ማንሣት አይደለም፤ ጸጥታ ነው። በርሊን ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ250 የጀርመን ልጆች ጋር የስትራቪንስኪን ሥራ ሲያዘጋጅ የተቀረጸውን ፊልም ያየ ሰው ያስታውሰዋል። ልጆቹ ይሣሣቃሉ፣ ይቁነጠነጣሉ፤ እሱ ዝም ብለው እንዲቆሙ ይጠይቃቸዋል፣ ደግሞ ይጠይቃቸዋል። እኔ ያን ፊልም ሳይ የታየኝ ጎንደር ነው።

አዱኛዎች በአምስት ዓመታቸው ያተረፉት ቀላል አይደለም። አካል ጉዳተኞች የሚወዛወዙበት ሌላ ቡድን ከእነሱ ወጣ፤ ለዚያም አዳም ቤንጃሚን የሚባል ባለሙያ አገዛቸው። ከመካከላቸው ጁነይድ ጀማል እ.ኤ.አ. በ2004 ለሮሌክስ የጥበብ ፕሮግራም ተመርጦ ከጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር የመሥራት ዕድል አገኘ፤ በኋላም ከጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋር የራሳቸውን ቡድን መሠረቱ። ተሰጥኦ ያለው ልጅ ድሮም ጎዳና ላይ ነበር። ያልነበረው ነገር አምስት ዓመት ነው።

የእኔይቱ ልጅ በአራተኛ ዓመቷ፣ በ1992 ዓ.ም.፣ በመመረቂያ ሥራዋ ላይ የአንዲት አሮጊት እናት ገጸ ባሕርይ ተጫወተች። የልጇን መርዶ የሚነግሯት ሰዎች ገብተው እስኪወጡ አንድ ቃል የላትም። ትቆማለች። ከአባቷ ቤት አንዲት እንቅስቃሴ ወደ መድረኩ አላመጣችም፤ ጠይቄያት «የእሳቸው ነው፤ አይነካም» ብላኛለች። መቆሙን ግን ወስዳለች። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ አልነበረም።

አባቷ ያን ሥራ አላዩም። በዚያው ሰሞን ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው ነበርና ልጅቱ አንድ ከሰዓት ቢሮዬ ይዛቸው መጣች፤ እሷ ውጭ ቀረች። ነጭ ጥምጥም፣ መቋሚያ የያዙ፣ ቀጭን ረጅም ሰው ናቸው። ሻይ አዘዝኩላቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «እንዲያው ምንድን ነው የምታስተምሯት?» አሉኝ።

«የኔታ፣ መቆም ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። የማሾፍ መስሏቸው እንደሆነ አላውቅም።

«በስንት ዓመት?»

«በአራት።»

«አራት!» አሉ። ሻዩን አንሥተው ፉት አሉለት። «ገና ናታ!»