ሰማንያ ዓመት መሳቢያ ውስጥ

ዛሬ ታንዛኒያ የምንላት አገር ታንጋኒካ ተብላ በእንግሊዝ ሞግዚትነት በምትተዳደርበት በ1930ዎቹ (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ፍራንሲስ ሬክስ ፓሪንግተን የተባለ የካምብሪጅ ምሁር ከኒያሳ ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለው የሩሁሁ ተፋሰስ አጥንት ሲለቅም ከረመ። በኋላ ስሙን ያስጠራው የአጥቢ እንስሳት አመጣጥ ጥናት ነው። ከለቀመው መካከል ግን ለአጥቢዎች ታሪክ የማይመቹ፣ ቀጠን ያሉ እግሮችና አከርካሪዎች ነበሩ። ታሽገው እንግሊዝ ገቡ። ምንነታቸው በወጉ ተጠንቶ እስኪታተም ሰማንያ ዓመት ገደማ ፈጀ።

የዚያች አገር አጥንት ሁሉ ግን እንዲህ አልተረሳም። ከሩሁሁ ርቆ፣ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ባለው ቴንዳጉሩ ኮረብታ፣ ጀርመኖች ከ1909 እስከ 1913 ድረስ ቆፍረው 225 ቶን የሚያህል አጥንት አውጥተዋል። አጥንቱ ሊንዲ ወደብ የደረሰው በአገሬው ተሸካሚዎች ጫንቃ ነው። የቁፋሮው ዋና ካቦ ቦሄቲ ቢን አምራኒ ይባላል፤ የጀርመኖቹን መሪዎች የያኔንሽንና የሄኒግን ስም የሚጠራ ሁሉ የእሱንም ቢጠራ ተገቢ ነው። ከዚያ የወጣው ግዙፍ ዕፅ በል 13 ሜትር ከፍታ ይዞ በርሊን ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በእኛም አገር፣ በሰሜን ምዕራቡ ደጋ በሙገር የጭቃ ድንጋይ ውስጥ የተገኙት የዳይኖሰር ጥርሶች የዚያው የጁራሲክ ዘመን መጨረሻ ናቸው። እነዚህ ግን ዳይኖሰሮች ምድርን ከወረሱ በኋላ የመጡ ናቸው። ስለ አመጣጣቸው የሚጠይቅ ሰው ሌላ ዘጠና ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ መሄድ አለበት፤ የፓሪንግተን አጥንቶች የነበሩት እዚያ ነው።

አጥንቶቹን በቁም ነገር የያዛቸው የፓሪንግተን ተማሪ አለን ቻሪግ ነው። በ1956 የዶክትሬት ጽሑፉን በእነሱ ላይ አቀረበ። አንዱን እንስሳ ቴሌኦክሬተር አለው፤ ሌላውን ደግሞ በ1967 ኒያሳሳውረስ ሲል ጠቀሰው። ይሁን እንጂ በእንስሳት ሳይንስ ሕግ መግለጫው ያልታተመለት ስም እንደ ስም አይቆጠርም። ቻሪግ በለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የጥንት ተሳቢዎች ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሠርቶ በ1997 ሲያርፍ ሁለቱም መግለጫ ሳይወጣላቸው ቀሩ።

በስንፍና የሚከሰው ይኖራል። እኔ አልከሰውም፤ ቁርጭምጭሚት አልነበረውማ። የአዞ ወገንና የዳይኖሰር ወገን ከአንድ ግንድ የተለያዩ ዘመዳሞች ናቸው፤ አጥኚዎች ሁለቱን ሲለዩ የኖሩት በአብዛኛው በቁርጭምጭሚት ነው። የአዞ ቁርጭምጭሚት ሁለቱ አጥንቶች አንዱ በአንዱ ላይ የሚዞሩበት ነው፤ የዳይኖሰርና የወፍ ግን እንደ በር ማጠፊያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ይታጠፋል። የቴሌኦክሬተር ያ አጥንት ስላልተገኘ ቻሪግ እንስሳውን ከየትኛው ወገን እንደሚመድበው ሊወስን አልቻለም። ሳያውቅ ከመፍረድ ዝም ማለቱን መረጠ።

ከ2007 ጀምሮ አጥኚዎቹ ስተርሊንግ ነስቢትና ክርስቲያን ሲዶር ያሉበት ቡድን ወደ ሩሁሁ ተመለሰ። መጀመሪያ ያስገረማቸው አሲሊሳውረስ ነው፤ ቢያንስ የአሥራ አራት እንስሳት አጥንት ተገኝቶ በ2010 ይፋ ሆነ። በአራት እግሩ የሚሄድ፣ የታችኛው መንጋጋው ጫፍ ምንቃር የመሰለ፣ የዳይኖሰሮች የቅርብ ዘመድ ነበር። ዘመዱ በዚያ ዘመን ከኖረ የዳይኖሰሮች የራሳቸው ግንድም በዚያን ጊዜ መኖር ነበረበት።

ስለዚህ መሳቢያው እንደገና ተከፈተ። ኒያሳሳውረስ ማለት አንድ የክንድ አጥንትና ጥቂት አከርካሪዎች ማለት ነው፤ ኬፕታውን ከሚገኙ ሌሎች አከርካሪዎች ጋር ተደምሮ ማለት ነው። ጭንቅላት የለ፣ ዳሌ የለ። ሆኖም ክንዱ ላይ የደረት ጡንቻ የሚያያዝበት ሸንተረር ከአጥንቱ ርዝመት ሲሶ ገደማ ይወርዳል፤ ይህ የዳይኖሰር ምልክት ነው። አጥኚዋ ሣራ ወርኒንግ ደግሞ ከአጥንቱ ስስ ቁራጭ አስቆርጣ በማይክሮስኮፕ መረመረችው። ቀስ ብሎ የሚያድግ እንስሳ አጥንቱን በሥርዓት፣ ድርብ በድርብ ይሠራል። የዚህ ግን የአጥንት ክሮቹ የተዘበራረቁ፣ የደም ሥር መተላለፊያዎቹ የበዙ ሆነው ተገኙ፤ ቶሎ ቶሎ ያድግ ነበር ማለት ነው። ጥናቱ በ2012 መጨረሻ ሲወጣ ከአምስቱ ጸሐፊዎች አንዱ፣ ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ቻሪግ ነበር። የእንስሳው ሁለተኛ ስም ደግሞ ለፓሪንግተን መታሰቢያ ሆነ። ዕድሜው 243 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተባለ፤ ከታወቁት ዳይኖሰሮች ቢያንስ አሥር ሚሊዮን ዓመት ይቀድማል።

ቴሌኦክሬተር የተፈታው በ2015 ሜዳ ላይ ነው። አዲስ ቁፋሮ የጎደለውን ቁርጭምጭሚት አመጣ፤ በ2017 ታትሞ ሲወጣም ብዙዎች የጠበቁት አልሆነም። እንስሳው ከአዞ ይልቅ ለዳይኖሰርና ለወፍ ይቀርባል፤ ቁርጭምጭሚቱ ግን የአዞ ዓይነት ነው! በሁለት እግር የሚሮጥ ትንሽ ፍጥረት ከግንዱ ሥር ይገኛል ተብሎ ሲጠበቅ፣ እስከ ሦስት ሜትር የሚረዝም፣ በአራት እግሩ ዝቅ ብሎ የሚሄድ ሥጋ በል ሆኖ ተገኘ። ቻሪግ ያንን አጥንት በ1956 አግኝቶት ቢሆን ኖሮ ምናልባት እንስሳውን ከአዞ ወገን መድቦ ነገሩን ይዘጋው ነበር።

የእነዚህ የሩሁሁ እንስሳት ዕድሜ ላይ ግን ጥርጣሬ አለ፤ ቢኖርም ያስኬዳል። በአርጀንቲናው ኢስቺጓላስቶ ሸለቆ፣ ቪክቶሪኖ ኤሬራ የተባለ ፍየል ጠባቂ ባሳየው ቦታ የተገኘው ሥጋ በሉ ኤሬራሳውረስ በእሳተ ገሞራ አመድ ልኬት 231 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሞላዋል። የሩሁሁ ድንጋይ ዕድሜ የተገመተው ግን በውስጡ ያሉትን እንስሳት በደቡብ አፍሪካ ካሉት ጋር በማነጻጸር ነው፤ ከተባለው ያንሳል የሚሉ አጥኚዎችም አሉ። ኒያሳሳውረስን የገለጹት አጥኚዎች ራሳቸው «የመጀመሪያው ዳይኖሰር፣ ወይም የቅርብ ዘመዱ» ብለው ነው ያቀረቡት። ጋዜጦች ሁለተኛውን ሐረግ መጣል ይቀናቸዋል።

ወደ ጥንቱ ዕድሜ እንዳዘነብል የሚያደርገኝ ሌላ ማስረጃ ነው። በ2022 ከዚምባብዌ የተዘገበው ምቢሬሳውረስ ከእጁና ከራስ ቅሉ ጥቂት ብቻ ጎድሎት የተገኘ፣ ሁለት ሜትር እንኳ የማይሞላ እንስሳ ነው፤ አጽሙም ቡላዋዮ፣ በአገሩ ሙዚየም ተቀምጧል። ዕድሜው 230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ ሳለ ወገኑ የቴንዳጉሩ ግዙፎች ወገን ነው። በዚያው ጊዜ አርጀንቲና ውስጥ ኤሬራሳውረስ ሥጋ ያድናል። ሁለቱ ቅርንጫፎች በዚያ ዘመን ይህን ያህል ከተራራቁ፣ መለያየታቸው ከዚያ በፊት የሆነ ነገር ነው፤ ፈላጊዎችም አሁን የሚቆፍሩት በኒያሳሳውረስና በታወቁት ዳይኖሰሮች መካከል ያለውን ባዶ አሥር ሚሊዮን ዓመት ይሞላል ብለው ተስፋ የሚያደርጉበትን ድንጋይ ነው። ሩሁሁ ከእነዚያ ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው፤ የኒያሳሳውረስ ዳሌ ቢገኝ ክርክሩን በአብዛኛው ይቋጨዋል።