የአሜሪካ ወግ አጥባቂዎች በወንጀል፣ በምርጫና በትምህርት ፖሊሲ ላይ ያላቸው አቋም

በዩናይትድ ስቴትስ የወንጀል ሕግ፣ የምርጫ አፈጻጸምና የሕዝብ ትምህርት በአብዛኛው የሚወሰኑት በ50ዎቹ ክፍላተ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ በ1791 የጸደቀው አሥረኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለፌዴራል መንግሥቱ ያልተሰጠና ለክፍላተ ግዛቱ ያልተከለከለ ሥልጣን ለክፍላተ ግዛቱ ወይም ለሕዝቡ የተጠበቀ መሆኑን ይደነግጋል። ወግ አጥባቂዎች ውሳኔ ለሕዝብ በቀረበ አካል መሰጠት አለበት ለሚለው መርሃቸው ይህንኑ ድንጋጌ መሠረት ያደርጋሉ።

በወንጀል ረገድ ነባሩ አቋማቸው ጥብቅ ቅጣት ወንጀል የሚደጋግሙትን ከኅብረተሰቡ ያርቃል የሚል ነው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ በ1994 የወጣው ሕግ ቀደም ሲል በሁለት ከባድ ወንጀሎች የተፈረደበት ሰው ሦስተኛው ጥፋቱ የኃይል ድርጊት ባይሆንም እንኳ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ እንዲታሰር ያዝ ነበር። መራጮች በ2012 ይህን ድንጋጌ አጥብበውታል። በአንጻሩ በሪፐብሊካኖች የምትመራው ቴክሳስ በ2007 አዳዲስ እስር ቤቶችን በብዛት ከመገንባት ይልቅ 241 ሚሊዮን ዶላር ለሱስ ሕክምናና ለመሰል አማራጮች መድባለች። የዕቅዱ ደጋፊ የነበሩት ወግ አጥባቂዎች እስር ቤትም እንደ ማንኛውም የመንግሥት ተቋም በወጪውና በውጤቱ ሊመዘን ይገባል ሲሉ ይከራከራሉ።

ምርጫን በተመለከተ ትኩረታቸው የድምፅ አሰጣጡን ተአማኒነት መጠበቅ ነው። ኢንዲያና በ2005 መራጮች ፎቶግራፍ ያለበት የመንግሥት መታወቂያ እንዲያሳዩ የሚያስገድድ ሕግ አውጥታለች። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 ሕጉን በ6 ለ3 ድምፅ አጽንቶታል። ተቃዋሚዎች በበኩላቸው በግዛቲቱ በሌላ ሰው ስም ድምፅ ስለመሰጠቱ ለፍርድ ቤቱ የቀረበ ማስረጃ አለመኖሩንና መታወቂያ ለማውጣት የሚጠየቁት ሰነዶች አረጋውያንንና ድሆችን እንደሚያስቸግሩ ያመለክታሉ። መታወቂያው በነጻ የሚሰጥ ቢሆንም የልደት ማስረጃ ለማግኘት የሚወጣው ጊዜና ገንዘብ የክርክሩ ዋነኛ ነጥብ ሆኖ ቆይቷል።

በትምህርት መስክ ወላጆች የመንግሥት ድጎማ ይዘው የግል ትምህርት ቤት እንዲመርጡ ይሟገታሉ። አሠራሩ በዊስኮንሲን ግዛት ሚልዋኪ ከተማ በ1990 ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ተጀመረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2002 የኦሃዮን ተመሳሳይ መርሐ ግብር በ5 ለ4 ድምፅ ደግፏል። አሪዞና ደግሞ በ2022 ድጎማውን ለሁሉም ተማሪዎች ከፍታለች።

ይሁን እንጂ ወግ አጥባቂዎቹ በዚህ ጉዳይ አንድ ድምፅ አይደሉም። በቴክሳስ በ2023 የገጠር ወረዳዎችን የሚወክሉ በርካታ ሪፐብሊካኖች የመንግሥት ትምህርት ቤቶቻቸው በጀት ይጎዳል በሚል ሥጋት ዕቅዱን ውድቅ አድርገዋል። ግዛቲቱ 1 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለትን ሕግ ያጸደቀችው በ2025 ነው። ይህም አንድ የፖለቲካ መርሕ በሥራ ላይ ሲውል እንደየአካባቢው ተጨባጭ ሁኔታ የተለያየ መልክ እንደሚይዝ ያመለክታል።