የልጣጭ ሒሳብ

ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ሽንኩርት እንደሚላጥ የሚያውቅ ሰው የሐበሻን ወጥ ቤት ትራፊ መገመት አያቅተውም። እኔ በምኖርበት ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ በሚባለው ሰፈር፣ በፋሲካ ሰሞን በየደጃፉ የሚቆመው አረንጓዴ በርሜል ክዳኑ አልገጥም ይላል። ልጣጩ፣ የዶሮው አጥንት፣ የቡናው አተላ፣ የሻገተው እንጀራ ሁሉ እዚያ ይገባል። መኪና መጥቶ ከከተማ ውጭ ወዳለ ማብላያ ይወስደዋል፤ በጸደይ ብስባሽ ሆኖ፣ በከረጢት ታሽጎ ሱቅ ውስጥ እናገኘዋለን። ሲሄድም እንከፍልበታለን፣ ሲመለስም እንከፍልበታለን።

ሽሮ ሜዳ ላደገ ሰው ይህ የፈረንጅ ቅብጠት ሊመስለው ይችላል። ነገሩን ያመጣው ግን መጣያ ማጣት ነው። ከተማዋ ትጠቀምባቸው የነበሩት ሁለት ትልልቅ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ተዘጉ። ሁለቱም በኋላ አገሪቱ ልዩ ጽዳት ያስፈልጋቸዋል ብላ በመዘገበቻቸው የተመረዙ ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገቡ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የሲያትል ቆሻሻ በባቡር ተጭኖ አጎራባች ግዛት ኦሪገን ድረስ ይሄዳል። ያን ያህል መንገድ ውሃ ያዘለ የድንች ልጣጭ መጫን ምን ያህል ኪሳራ እንደሆነ ለማስላት የተለየ ትምህርት አይጠይቅም።

ስለዚህ ከተማዋ ቀስ እያለች አጠበቀችው። ከ1981 ጀምሮ የቆሻሻ ክፍያ በበርሜሉ መጠን ሆነ፤ ብዙ የሚጥል ብዙ ይከፍላል። በ1989 የጓሮ ሣርና ቅጠል ከቆሻሻ ጋር እንዳይጣል ተከለከለ። በ2005 የአትክልት ትራፊ ከቅጠሉ ጋር እንዲገባ ተፈቀደ፣ በ2009 ሥጋውም ወተቱም ተጨመረ። በመጨረሻም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ምግብ ከቆሻሻ ጋር መጣል በሕግ ተከለከለ። ቅጣቱ ለአንድ ቤት 1 ዶላር፣ ለአፓርትመንትና ለንግድ ቤት 50 ዶላር ነበር። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ክዳኑን ከፍተው ያዩና ያጠፋ ቤት በርሜል ላይ ቀይ ወረቀት ይለጥፉ ነበር። በ2016 አንድ ፍርድ ቤት «ያለ ማዘዣ የሰው ቆሻሻ መበርበር የግል ሕይወትን መድፈር ነው» የሚል ይዘት ያለው ውሳኔ ሰጠ፤ ብርበራው ቀረ፣ ልማዱ ግን ቀጠለ። እኔ እንደሚመስለኝ ቀይዋ ወረቀት ያደረገችው ጋዜጣ ላይ መውጣት ነው። ሰዉን ያስለመደው በየሁለት ወሩ የሚመጣው ሒሳብ ነው፤ ትንሽ የቆሻሻ በርሜል ያለው ቤት ትንሽ ይከፍላልና።

እኛ ሐበሾች ዘንድ እንዴት ገባ? ወጣቶቹ አጉረመረሙ፤ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚበሰብስ ነገር ማስቀመጥ ማን ይወዳል? አንዳንዱ ትራፊውን በላስቲክ ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ከሥጋው ጎን ማስቀመጥ ጀመረ፤ ዛሬም የሚያደርጉት አሉ። ፍራፍሬ ላይ የምትለጠፈው ትንሿ የላስቲክ ምልክት የሁላችንም ጠላት ሆነች፤ ብስባሽ ውስጥ ገብታ ጭራሽ አትጠፋም። እናቶች ግን አልተቸገሩም። አንዲት እናት በርሜሉ ምን እንደሆነ ሲነገራቸው «ልጄ፣ ይሄ እኮ የጓሮ ነገር ነው፤ መኪና ምን አስጠራው?» አሉ።

ጓሮውንም አገኙት። ሲያትል ውስጥ ፒ-ፓች የሚባሉ የጋራ የአትክልት ቦታዎች አሉ። በ1973 ፒካርዶ ከሚባል ቤተሰብ እርሻ የተጀመሩ ሲሆኑ ዛሬ በየሰፈሩ ተዘርግተዋል፤ ስደተኛ በሚበዛባቸው እንደ ኒው ሆሊና ሬኒየር ቪስታ ባሉ መንደሮችም አሉ። እናቶቻችን የሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም የሚያበቅሉት በእነዚህ መደቦች ነው። ጥግ ላይ ከእንጨት የተሠሩ የብስባሽ ሳጥኖች አሉ። እርጥብ ልጣጭ ብቻውን ከተከመረ ይሸታል፣ ዝንብ ይሰበስባል፤ ደረቅ ነገር ብቻውን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እንዳለ ይቀመጣል። አንድ ባልዲ ልጣጭ ላይ ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ሲደረብ፣ አልፎ አልፎም ሲገለበጥ፣ ክምሩ ይሞቃል፤ 55 ዲግሪ አካባቢ ከቆየ የአረም ፍሬና የበሽታ ተሕዋስያን በብዛት ይሞታሉ። ቅጠል ደግሞ ሲያትል ውስጥ በመከር ወቅት መንገድ ይዘጋል። ውሰዱልን የሚል እንጂ አትንኩ የሚል የለም።

ሽሮ ሜዳ ባለችበት በአዲስ አበባው ጉለሌ ነገሩ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው።

የእንጦጦ ቅጠል ባለቤት አለው። በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ የሚያራግፈውን ቅጠል ሴቶች ጠርገው፣ አስረው፣ ጀርባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ወደ ከተማ ያወርዱታል። ምጣድ ሥር ይገባል። ኩበቱም እንደዚያው። አፈር ሊበላው የሚገባውን እሳት እየበላው ስንት ትውልድ አለፈ። ስለዚህ ሲያትል ደርሶ የተመለሰ ዘመድ «ደረቅ ቅጠል ደርቡበት» ብሎ ሲመክር፣ የሰፈሩ ሴት የምትመልሰው ሳቅ ነው። ቅጠሉን አግኝታ እንኳ ባታነደው፣ ባሕር ዛፍ ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም። ሽሮ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ክዳን የሌለውን ክምር ሁሉ ጭቃ ያደርገዋል።

እውቀቱ አልጎደለም። ሽሮ ሜዳ ከጨንቻና ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ሰፈር ናት። በአገራቸው እንሰት የሚተከለው ከቤቱ አጠገብ ነው፤ የቤቱ ጥራጊ፣ አመዱ፣ የከብቱ እበት እግሩ ሥር ይደፋለታል። እኛ ግቢ አጠገብ ተከራይተው የነበሩት ሸማኔ አጥር ጥግ የተከሏት እንሰት ከቤቱ ጣሪያ በላይ የሄደችው እንዲሁ ነው። በትግራይም ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1996 ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት የብስባሽ ሥራ በእርሻ ላይ ምን ማድረግ እንደሚቻል ለዓለም አሳይቷል። ከተማው ላይ ደግሞ ከአሜሪካ የተመለሰው ስለሺ ደምሴ፣ ሁሉም ጋሽ አበራ ሞላ የሚለው፣ ወጣቶችን አስከትሎ ቆሻሻ መጣያ የነበሩ ቦታዎችን አበባ ያስተከለው ገና ሚሊኒየሙ ሳይገባ ነው።

የጎደለው ሒሳቡ ነው። ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፤ ልጣጭ፣ የጫት ገረባ፣ የበዓል ጉዝጓዝ። ያ ሁሉ ለዓመታት የሄደው ረጲ ወዳለው የቆሻሻ ክምር፣ ወደ ቆሼ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፈተና ገበሬዎቹ ስለተቃወሙ በወራት ውስጥ ሥራው ቆመ፤ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። በዓመት ተመንፈቅ ግድም እዚያው ረጲ ለተመረቀው የቆሻሻ ኃይል ማመንጫም የቀረበለት እርጥብ ነገር ነው፤ ልጣጭ ደግሞ መጀመሪያ ውሃውን ለማትነን እሳት ይፈጃል። የጽዳት ክፍያው ለረጅም ጊዜ ከውሃ ሒሳብ ላይ በመቶኛ ሲቆረጥ ኖሯል። ልጣጩን ለይቶ ጓሮው የቀበረውም፣ ሁሉን በአንድ ከረጢት አጭቆ ለቆሻሻ ሰብሳቢው ማኅበር ልጆች የሰጠውም እኩል ይከፍላሉ። እንዲያውም ለይቶ የሚያስቀምጠው ይጎዳል፤ አይጡ፣ ሽታው፣ የጎረቤት ወቀሳው የእሱ ነው።

የሲያትል በርሜልና መኪና ጉለሌ ላይ ይሠራል ብዬ አላምንም፤ ያ መንገድ፣ ያ ገንዘብ የለም። ይበልጥ የሚቀርበን የኢንዶኔዥያዋ ሱራባያ ናት። ኮጂ ታካኩራ የተባለ ጃፓናዊ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ እዚያ በየወጥ ቤቱ የሚቀመጥ የብስባሽ ቅርጫት አስለመደ፤ ማስነሻውን ያዘጋጀው ከአካባቢው እርሾ ካላቸው ምግቦች ነው። ከተማው በሺዎች የሚቆጠሩ ቅርጫቶች አደለ፣ ሥራውን የመሩት ደግሞ የሰፈር ሴቶች ናቸው። እርሾና የጠላ አተላ የማይታጣበት፣ በዕድርና በዕቁብ የተሳሰረ ሰፈር ይህን የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። ቅርጫት ከጠፋ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች አሉ፤ ጎኑ የተበሳ እንስራ ብስባሽ ይሠራል።

እህቴ በምትኖርበት ግቢ ሞክረውታል። ጥቂት ቤተሰቦች አንድ ቧንቧ የሚጋሩበት የቆየ የቀበሌ ግቢ ነው። ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ጌሾና ጎመን ስለሚተክሉ እንስራዎቹን የሚያየው ዓይን የእሳቸው ሆነ። ዝናብ እንዳይገባ ቆርቆሮ ደረቡበት፣ አጥንትና ወጥ እንዳይጨመር ደነገጉ፤ እንስራዎቹን ያስቸግር የነበረው የግቢው ውሻም ከዚያ በኋላ ተዋቸው። በቅጠል ፋንታ የገባው ከአናጢ ቤት የሚመጣ ሳጋቱራ ነው። ልጣጭ ተለይቶ ሲወጣ የሳምንቱ ከረጢት ስለማይሸት የማኅበሩ ልጆች ያን ግቢ ይወዱታል፤ ጎመኑም ለየቤቱ በየተራ ይታደላል።

ችግሩ አናጢው ነው። ሳጋቱራውን መጀመሪያ በነፃ ይሰጣቸው ነበር፤ ዶሮ አርቢዎች ሊገዙት ሲመጡ እሱም ዋጋ ጠየቀ። ጋሼ ግቢው ያዋጣ ይላሉ። ጎመን የማይበሉት ጎረቤት ደግሞ ከውሃው ሒሳብ ላይ ምንም ሳይቀነስልኝ ለምን አዋጣለሁ ይላሉ። እኔንም ሲያትል ድረስ ስልክ ደውለው ዳኛ ሊያደርጉኝ ሞክረው ነበር፤ በጎረቤትየው ሐሳብ እስማማለሁ አልኩ፣ ጋሼ እስካሁን አኩርፈውኛል።