የእግር ውኃ

አማርኛችን «ጫማ» የሚለውን ቃል ሁለት ትርጉም አሸክሞታል። ጫማ ከቆዳ ወይም ከጎማ ተሠርቶ የምናጠልቀው ነው፤ «የእግር ጫማ» ደግሞ መሬት የሚረግጠው የገዛ አካላችን። ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም፤ የሰው የመጀመሪያ ጫማው የገዛ ሥጋው ነውና። በዚህች አገር ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት፣ ለብዙው ሰው፣ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጫማ እርሱ ብቻ ነበር።

ስለ ባዶ እግር ስናወሳ ዘወትር በኩራት ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ከዘመተው ሠራዊት አብዛኛው ያን ሁሉ ተራራ የወጣውና የወረደው በባዶ እግሩ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሰዓታት ሲቀሩት፣ በሮም ጎዳና ላይ ያለ ጫማ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሲሮጥ ይህንኑ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሻለው፤ ሆኖም ልጆቻችን በቃላቸው የሚያውቁት የሮሙን ነው። ባዶ እግር ለታሪክ ይመቻል፤ ጫማ ግን አይመችም።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ላነሣው የወደድሁት ባዶ እግር ሐውልት ያልቆመለትን ነው። ከእርሻው ወደ ገበያ፣ ከገበያው ወደ ቤቱ ሲመላለስ ኖሮ አንድ ቀን ያበጠውን፣ ከዚያም በነጠላ ጫፍና በሰፊ ቀሚስ ሥር የተደበቀውን እግር። ሕዝቡ ሕመሙን «ዝሆኔ» ይለዋል። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዝሆኔ ታሪክ የሚጀምረው በስሕተት ነው። ፓትሪክ ማንሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1877 ቻይና ውስጥ ሲሠራ፣ እግርን እንደ ዝሆን እግር የሚያሳብጥ አንድ ቀጭን ትል በትንኝ ሆድ ውስጥ እንደሚያድግ ደረሰበት። ግኝቱ ታላቅ ነበር፤ ታላቅነቱም ሌላውን ሁሉ ጋረደ። ከዚያ ወዲህ በሞቃታማው ዓለም ያበጠ እግር የታየ እንደሆነ ጥፋተኛው ትሉና ትንኙ ነው ተባለ። ነገር ግን የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ለዚያ ትል የሚመች አልነበረም። ትሉ በታማሚዎቹ ደም ውስጥ ቢፈለግም አልተገኘም። እግሩ ግን እንዳበጠ ነው።

በ1960ዎቹ ኡመን የተባሉ ሐኪም የታማሚዎቹን ብዛት ለማወቅ አንድ ብልሃት ዘየዱ። ወደ ገበያ ሄዱ። የገጠሩ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ የሚገናኘው በገበያ ነውና። በ56 ገበያዎች ከ240 ሺህ በላይ ሰው ተቆጠረ፤ ከመቶው ሦስት ያህሉ እግራቸው ያበጠ ሆኖ ተገኘ። እኔ ውሎዬ ከቁጥር ጋር ስለሆነ እንዲህ ያለ አኃዝ ሳነብ ያልተቆጠረው ያሳስበኛል። በሕመሙ ጠንቶ ከቤቱ መውጣት ያቃተው፣ ወይም ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ ገበያ የቀረው በዚያ ቆጠራ ውስጥ የለም። ሐፍረት ቁጥርንም ይሰርቃል።

እንቆቅልሹን የፈቱት እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። ፕራይስ አስቀድመው የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን የእግር ቁስል ያጠኑ ስለነበሩ እግርን ማየት ያውቁበታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠሩ ትል መፈለጉን ትተው የታማሚውን አገር ጠየቁ፤ የት ይኖራል? ምን ዓይነት አፈር ይረግጣል? መልሱ ከቦታ ቦታ አንድ ሆነባቸው። ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ያለፈ ከፍታ፣ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ፣ ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር፤ በዚያም ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው። በ1972 ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ከታማሚዎች ብሽሽት በተወሰደ ንፍፊት ውስጥ ዓይን የማያያቸው የማዕድን ብናኞች፣ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው፣ መገኘታቸውን አሳዩ። አፈሩ በቆዳው በኩል ወደ ሰውየው ገብቷል ማለት ነው። ብናኙ የአካልን ትርፍ ፈሳሽ የሚያጠሩትን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ሐኪሞች የሊምፍ ቱቦ የሚሏቸውን፣ እያስቆጣ ይደፍናቸዋል፤ መውጫ ያጣው ፈሳሽም እግር ውስጥ ይጠራቀማል። በ1988 ፕራይስ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ለሕመሙ «ፖዶኮኒዮሲስ» የሚል ስም አወጡለት፤ ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን እግርንና አቧራን ያጣመረ ነው።

ፕራይስ ሌላም ነገር አስተውለዋል። ይህ ሕመም በአንድ ወቅት በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድም ነበረ። ያጠፋው መድኃኒት ወይም ክትባት አይደለም፤ ሕዝቡ ጫማ ማድረጉ ነው። የአበበን የቶኪዮ ጫማ ያነሣሁት ለዚህ ነበር። ጫማ ለታሪክ ባይመችም ለሰው ይመቻል።

እስኪ አሁን ደግሞ ሳይንስ ከመምጣቱ በፊት ሕዝቡ ምን ይል እንደነበር እናስብ። «በዘር ይተላለፋል» ይል ነበር፤ ስለዚህ ከታማሚ ቤት አይጋባም። «እርግማን ነው» ይል ነበር፤ ስለዚህ ታማሚውን ይሸሻል። «ይጋባል» ይል ነበር፤ ስለዚህ አብሮት አይቀመጥም። እርግማኑና መጋባቱ ከንቱ ነበሩ፤ ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ስለ ዘር የተባለው ግን ጭራሽ ውሸት አልነበረም። በ2012 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ባደረጉት ጥናት፣ አንዳንድ ሰዎች ለዚህ አፈር ይበልጥ እንዲጋለጡ የሚያደርግ የውርስ ጠባይ እንዳላቸው አረጋገጡ። በአንድ ማሳ ላይ አብረው በባዶ እግር ካረሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ደኅና የሚኖረው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሕዝቡ ያየው ልክ ነበር፤ የፈረደው ፍርድ ግን ልክ አልነበረም። ሕመሙ በቤተሰብ ውስጥ እንደሚደጋገም አይቶ «አትጋቡአቸው» አለ። «ልጆቻቸውን ቀድማችሁ ጫማ አድርጉላቸው» ማለት ይችል ነበር። በሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች መካከል የስንት ሺህ ሰው ዕድሜ እንዳለፈ ሳስበው ያመኛል። ውርሱ ብቻውን አያሳምምም፤ አፈርና ባዶ እግር ያስፈልጉታልና።

ሕመሙ በአንድ ጀንበር አይመጣም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ዝሆኔም ቀስ በቀስ ነው እግር የሚያስቀረው። በመጀመሪያ የእግር ጣቶች አካባቢ ያሳክካል፤ ማታ ማታ ውስጥ እግር ያቃጥላል። ቀጥሎ የእግሩ ላይኛ ክፍል ያብጣል፤ ሌሊት ሲተኙ ጎድሎ ያድራል፤ በማግስቱ ሲውሉበት ይመለሳል። እብጠቱ ማደሩን የተወ ዕለት መንገዱ ይርቃል። ቆዳው ይጠነክራል፣ ጣቶቹ ይደድራሉ፣ በጣቶች መካከል ውኃ ያዣል፣ ቆዳው እንደ ሽበት የበቀለ ዓይነት ጉጥ ጉጥ ያወጣል። እብጠቱ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ከጉልበት በላይ ግን እምብዛም አያልፍም። በትሉ የሚመጣው በአብዛኛው በቆላ የሚገኝ ሲሆን የብዙ ጊዜ ልማዱም አንዱን እግር ለይቶ መያዝ ነው። የልብና የኩላሊት ሕመምም እግር ያሳብጣል፤ የሥጋ ደዌም አለ። ስለዚህ ያበጠ እግር ሁሉ ዝሆኔ ነው ከማለት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቀድማል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ያበጠው እግር ድንገት ይግላል፣ ይቀላል፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተላል። «ምች መታኝ» ብሎ የሚተኛ አይጠፋም። ታማሚውን አልጋ ላይ የሚጥለው፣ ከእርሻ የሚያስቀረው ይህ ነው። በ2006 የታተመ አንድ የወላይታ ጥናት፣ ታማሚ ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶውን እንደሚያጣ አስልቷል። ግማሽ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ይህን የመሰለ ዕዳ በባንክ መዝገብ ላይ ቢሰፍር ማንም ሰው ይደነግጥ ነበር።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝም እርሱ ነው። መድኃኒቱ ምን ይመስላችኋል? ውኃ ነው። ንጹሕ ውኃና ሳሙና፤ በጤና ባለሙያ ምክር ተለክቶ የቀጠነ በረኪና፤ ከታጠበ በኋላ በደንብ ማድረቅ፣ በተለይም በጣቶች መካከል፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት፤ እንደሁኔታው በፋሻ መጠቅለል፤ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፤ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፤ ካልሲና ሽፍን ጫማ። በረባሶና ሸበጥ ከእሾኽ ያድኑ ይሆናል እንጂ ከብናኝ አያድኑም። ትኩሳቱ ሲነሣ ደግሞ ዕረፍትና ሐኪም ያስፈልጋሉ። ሕመሙ ገና ሳለ የተጀመረ እንደሆነ እብጠቱ ይመለሳል፤ በጠናበትም ላይ ሽታውና ቁስሉ ይቀንሳል።

በ1998 ናታን ባርሎ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም፣ ወጣት ሳሉ ባገለገሉበት ወላይታ፣ ሶዶ ላይ የዝሆኔ ታማሚዎችን የሚረዳ ማኅበር መሠረቱ። ከሥራው ሁሉ የሚደንቀኝ፣ አጣቢዎቹና አስተማሪዎቹ ራሳቸው የዳኑ ታማሚዎች መሆናቸው ነው። ጫማ መስፋትም ተምረዋል፤ ያበጠ እግር ከሱቅ በተገዛ ጫማ አይገባምና። በምሥራቅ ጎጃም ወደ 700 በሚጠጉ ታማሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2018 የታተመ ጥናትም የማጠቡን ነገር በሚዛን አስቀመጠው። ወዲያው እንክብካቤውን የጀመሩት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ትኩሳቱ ሲነሣባቸው፣ ገና ያልጀመሩት 23.9 ጊዜ ተነሥቶባቸዋል። ተአምር አይደለም፤ በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ከመኝታ መትረፍ ግን ለገበሬ ቀላል አይደለም። በ2017 የታተመ ጥናት በ2015 በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ታማሚ እንደነበረ ይገምታልና፣ ያንን ትርፍ ማባዛቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

እግር ማጠብ ለእኛ ባዕድ ነገር ነውን? መንገደኛ ሲመጣ ከእህል በፊት የሚቀርብለት የእግር ውኃ ነበር። የቤቱ ልጅ ጎንበስ ብሎ ያጥባል፤ እንግዳውም ይመርቃል። ሲመጣ መልካም ነገር የተከተለውን ሰው «እግረ እርጥብ» እንለዋለን። በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ፕራይስ አፈሩን ከማግኘታቸው ከብዙ ዘመን በፊት መድኃኒቱ በየቤታችን፣ በየገንዳው ነበረ። የጎደለው ውኃው ብቻ አልነበረም፤ እግሩን አውጥቶ የሚያሳይና አይቶ የማይሸሽ ሰው ነው። የተደበቀ እግር አይታጠብም፤ ያልታጠበም አይድንም። ሕመሙን ያደረሰው አፈር ነው፤ ያቆየው ግን ሐፍረት ነው።

እኔ የምውለው ከባንክ መስኮት ጀርባ ነው። ከፊቴ የሚቆመውን ሰው ፊቱንና እጁን አያለሁ፤ እግሩን ባንኮኒው ይጋርደዋል። ታሪካችንም እንዲሁ ከወገብ በላይ የተጻፈ ይመስለኛል፤ ዘውዱን፣ ጋሻውን፣ ብዕሩን አይቷል። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የቆመውን እግር ግን አላየም። ስለዚያ እግር ባለቤት እነዚህን አራት ስንኞች ቋጥሬያለሁ፤

ያጎረሰኝ አፈር፥ እህል አብቅሎልኝ፣
ከእግሬ ጀመረ፥ እኔኑ ሊበላኝ፤
አፈር ነህ ቢሉኝም፥ ቀኑ ገና ነበር፣
እግሬን አስቀደመው፥ ሳልገባ መቃብር።

ወደ አገር ቤት የምትሄዱ፣ ዘመድ የምትጠይቁ ሁሉ፣ ለልጆች ከረሜላ ከመያዛችሁ በፊት ሽፍን ጫማ ያዙላቸው። እግሩን ከነጠላ ሥር የሚሸሽግ አጎት ወይም አክስት ካላችሁ ደግሞ፣ አላየሁም ብላችሁ አትለፉ። ውኃ አሙቁና ጎንበስ በሉ፤ ምርቃቱን ታገኙታላችሁ።

ቸር ይግጠመን።