ያልተከፈለው የኬረስ ድል

ሆሴ ራውል ካፓብላንካ 50 ዓመት የሞላው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 1938 ነው። ኩባዊው የቀድሞ የዓለም ሻምፒዮን የልደቱን ዕለት ያሳለፈው ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ የቼዝ ሰሌዳ ፊት ተቀምጦ ነበር። ተጋጣሚው አሌክሳንደር አሌክሂን ነው፤ ከ11 ዓመት በፊት ቦነስ አይረስ ላይ ዘውዱን የቀማው፣ ከዚያ ወዲህም የመልስ ግጥሚያ የነፈገው ሰው። ሁለቱ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። በዚያች ዕለት ካፓብላንካ ተሸነፈ።

ይህ ጨዋታ የተካሄደበት ውድድር በቼዝ ታሪክ «አቭሮ 1938» እየተባለ ይጠራል። አቭሮ የቼዝ ማኅበር ሳይሆን ውድድሩን ያሰናዳው የኔዘርላንድስ የሬዲዮ ድርጅት ስም ነው። የተጠሩት ስምንት ተጫዋቾች ብቻ ሲሆኑ፣ በዘመኑ ከእነሱ የሚበልጥ ማግኘት ከባድ ነበር። ከካፓብላንካና ከወቅቱ ሻምፒዮን ከአሌክሂን ሌላ፣ በ1935 አሌክሂንን አሸንፎ ዘውዱን ለሁለት ዓመት የያዘው የሒሳብ መምህር ማክስ ኤውቨ አለ። ከሶቪየት ኅብረት የ27 ዓመቱ መሐንዲስ ሚካኤል ቦትቪኒክ፣ ከአሜሪካ ሳሙኤል ሬሼቭስኪና ሩበን ፋይን፣ ከቼኮስሎቫኪያ ሳሎ ፍሎር መጡ። የሁሉም ታናሽ ኢስቶኒያዊው ፖል ኬረስ ነበር፤ ዕድሜው 22።

ኬረስ ያደገው በትንሿ የባሕር ዳርቻ ከተማ በፔርኑ ነው። በአካባቢው የሚመጥነው ተጋጣሚ ስላላገኘ በፖስታ መጫወት ጀመረ፤ አንዱን እንቅስቃሴ በደብዳቤ ይልካል፣ መልሱን ቀናት ይጠብቃል። በአንድ ወቅት እስከ 150 የሚደርሱ የፖስታ ጨዋታዎችን ጎን ለጎን ያካሂድ ነበር። ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ከሁለት የቀድሞና ከአንድ የወቅቱ ሻምፒዮን ጋር እኩል ወንበር ማግኘቱ በራሱ ትልቅ ነገር ነው።

የውድድሩ ሥርዓት ምሕረት የለውም። እያንዳንዱ ከሰባቱ ጋር ደርሶ መልስ ይገጥማል፤ አንዴ ነጭ፣ አንዴ ጥቁር ይዞ፣ በጠቅላላው 14 ዙር። ብዙ ሰው በሚሰለፍበት ውድድር ከደካሞች ነጥብ መልቀም ይቻላል። እዚህ ግን ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ጨዋታ የለም፤ ከአሌክሂን የተረፈ ቀጥሎ ከቦትቪኒክ ጋር ይገጥማል።

ለመሆኑ ለምን ተሰበሰቡ? በዚያን ዘመን የዓለም ሻምፒዮንነት የሻምፒዮኑ የግል ርስት ያህል ነበር። ማን እንደሚገዳደረው የሚወስነው እሱ፣ የገንዘቡን መጠን የሚቆርጠውም እሱ። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ከ1924 ጀምሮ ቢኖርም ሥልጣን አልነበረውም። በ1937 በስቶክሆልም ተሰብስቦ ተገዳዳሪ አድርጎ የመረጠው ፍሎርን ነበር፤ ግጥሚያው ግን አልተካሄደም። አቭሮ ይህን ክፍተት ሊሞላ ተነሣ። የውድድሩ አሸናፊ ከአሌክሂን ጋር ይገጥማል የሚል ተስፋ በሰፊው ነበር፤ አሌክሂን ግን ከአሸናፊው ጋር ብቻ ለመጫወት ራሱን አላሰረም። ተገዳዳሪውን የመምረጥ መብቱን በእጁ እንደያዘ ነው ውድድሩ የተጀመረው። የነገሩ ሁሉ ስንጥቅ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ጨዋታዎቹ ከኖቬምበር 6 እስከ 27 ተካሄዱ። አዘጋጁ ለመላው ሀገር ለማሳየት ስለፈለገ ውድድሩ አምስተርዳም፣ ዘ ሄግ፣ ሮተርዳም፣ ግሮኒንገንን ጨምሮ በአሥር ከተሞች ዞረ። ተጫዋቾቹ በጨዋታ ቀን ባቡር ይሳፈራሉ፣ ወርደው ሰሌዳ ፊት ይቀመጣሉ፣ ሌሊት ይመለሳሉ። ቦትቪኒክ በኋላ በጻፈው ትዝታ፣ ምሳ መብያው ሰዓት በባቡር ጉዞ ያልፍ እንደነበርና ይህም በዕድሜ የገፉትን እንደጎዳቸው አስታውሷል። የደም ግፊት ለነበረበት ካፓብላንካ እንዲህ ዓይነቱ ፕሮግራም ከተጋጣሚ የማያንስ ጠላት ነው። ለሬዲዮ አድማጭ ደስታ ሲባል የተጫዋች ጉልበት መባከኑ የዚህ ታላቅ ውድድር ትልቁ ጉድለት ይመስላል።

ከኔዘርላንድስ ድንበር ማዶ ደግሞ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ውድድሩ በተጀመረ በቀናት ውስጥ፣ በኖቬምበር 9 ሌሊት፣ በጀርመን ምኩራቦች ተቃጠሉ፣ የአይሁድ ሱቆች ተሰባበሩ። ከስምንቱ ተጫዋቾች አራቱ፣ ቦትቪኒክ፣ ፋይን፣ ሬሼቭስኪና ፍሎር፣ አይሁዳውያን ናቸው። ፍሎር ደግሞ ሀገሩ ቼኮስሎቫኪያ በሙኒክ ስምምነት ከተቆራረሰች ሁለት ወር አልሞላም። በ14 ዙር አንድም ጨዋታ አላሸነፈም፤ ዘጠኝ አቻ፣ አምስት ሽንፈት። ከዓመት በፊት የዘውዱ ተገዳዳሪ ተብሎ የተመረጠ ሰው እንዲህ መውረዱን በቼዝ ብቻ ማስረዳት አይቻልም።

በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የታየው ፋይን ብቻ ነበር። ቦትቪኒክን በመክፈቻው ዕለት አሸነፈ፣ አሌክሂንንም ረታ፤ ከስድስት ጨዋታ 5.5 ነጥብ ሰበሰበ። ማን ይደርስበታል ሲባል፣ በሰባተኛው ዙር ኬረስ አቆመው። ከዚያ በኋላ ፋይን ሁለት ጊዜ ተሸነፈ፤ ያም ሆኖ አሌክሂንን በመልሱም ጨዋታ አሸንፏል።

ከውድድሩ ሁሉ ዛሬም ድረስ በየቼዝ መጽሐፉ የሚታተመው ግን የሁለቱ መሪዎች ጨዋታ አይደለም። በ11ኛው ዙር ሮተርዳም ላይ ቦትቪኒክ ነጭ ይዞ ካፓብላንካን ገጠመ። ካፓብላንካ በሰሌዳው ዳር ያለች አንዲት ወታደር ለመብላት ፈረሱንና ንግሥቱን ወደ ግራ ላከ፤ ቦትቪኒክ ወታደሯን ትቶ መሐሉን ገፋ። ጥቂት ቆይቶ የነጭ ወታደር ለመንገሥ ሁለት እርምጃ ሲቀረው፣ የጥቁር ንግሥት ፊት ለፊቱ ቆማ መንገዱን ዘጋች። በ30ኛው እንቅስቃሴ ቦትቪኒክ ቢሾፑን በነፃ አቀረበላት፤ ብትበላ መንገዱን ትለቃለች። በላች። ቀጥሎ ፈረሱንም ሰዋ። ካፓብላንካ ንግሥቱን ይዞ ደጋግሞ ቼክ አለ፤ የነጩ ንጉሥ ግን በገዛ እግሩ ሰሌዳውን አቋርጦ ቼክ ወደማይደርስበት ጥግ ገባ። በ41ኛው እንቅስቃሴ ካፓብላንካ እጁን ሰጠ። በዕድሜ ዘመኑ በሽንፈት እምብዛም የማይታወቀው ሰው በዚህ ውድድር አራት ጊዜ ተሸንፎ በ6 ነጥብ ሰባተኛ ወጣ።

የመጨረሻው ዙር ሲያልቅ ኬረስና ፋይን በ8.5 ነጥብ እኩል ሆኑ። እርስ በርስ ባደረጓቸው ሁለት ጨዋታዎች ኬረስ 1.5 ለ 0.5 ስለበለጠ የአንደኝነቱ ክብር ለእሱ ሆነ። ሦስት አሸንፎ በ11 አቻ ወጥቷል፤ ከስምንቱ ሳይሸነፍ የጨረሰውም እሱ ብቻ ነው። ቦትቪኒክ በ7.5 ሦስተኛ ሲሆን፣ አሌክሂን፣ ኤውቨና ሬሼቭስኪ በ7 ተከተሉ። ሻምፒዮኑ ከአሸናፊዎቹ በነጥብ ተኩል ዝቅ ብሏል።

ከአሌክሂን ጋር በፍጥነት ስለ ግጥሚያ የተነጋገረው ሦስተኛ የወጣው ቦትቪኒክ ነበር፤ ከኋላው ትልቅ መንግሥት ነበረና። ዓመት ሳይሞላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ኢስቶኒያ በ1940 በሶቪየት፣ በ1941 በጀርመን፣ በ1944 እንደገና በሶቪየት እጅ ወደቀች። ኬረስ በጀርመን ይዞታ ዘመን በተዘጋጁ ውድድሮች ከአሌክሂን ጋር ደጋግሞ ተገናኝቷል፤ ዘውዱ ግን ሰሌዳው ላይ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ እነዚያው ውድድሮች በሶቪየት ባለሥልጣናት ዘንድ አስጠረጠሩት። ካፓብላንካ በ1942 ኒውዮርክ ውስጥ፣ አሌክሂን በማርች 1946 በፖርቱጋል ኢሽቶሪል ዘውዱን እንደያዘ ሞቱ።

ባዶውን ዙፋን ለመሙላት ፌዴሬሽኑ ለ1948ቱ ውድድር የጠራው በአብዛኛው የአቭሮ ሰዎችን ነው። ፋይን ግብዣውን አልተቀበለም፤ ኋላ ወደ ሥነ ልቦና ሙያ ገባ። ቦትቪኒክ ከ20 ጨዋታ 14 ነጥብ አግኝቶ ሻምፒዮን ሆነ። ኬረስ ከእሱ ጋር ካደረጋቸው አምስት ጨዋታዎች አራቱን ተሸነፈ፤ ጫና ተደርጎበት ይሆን የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ከዚያ በኋላም ለዘውድ ተገዳዳሪ በሚመረጥባቸው ውድድሮች፣ በ1953፣ በ1956፣ በ1959ና በ1962፣ አራት ጊዜ በተከታታይ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቀረ።

ኬረስ በ1975 ሄልሲንኪ ውስጥ ሞተ። ኢስቶኒያ ነፃነቷን ካስመለሰች በኋላ በ1992 ባወጣችው የ5 ክሮን የወረቀት ገንዘብ ላይ ፊቱን አተመች፤ በተወለደ በ100ኛው ዓመት፣ በ2016፣ ደግሞ በ2 ዩሮ ሳንቲም ላይ ቀረጸችው።